ይቅር ባይ ዱላ

የገና ዱላ መርጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አዲስ አበባ ስላደግሁ በቤታችን ለገና የሚመረጠው በግና ዶሮ ብቻ ነበር። አጎቴ ግን ላስታ ተወልደው፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ቁልቁል ባለው መስክ ላይ ሩር ሲያሳድዱ ያደጉ ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪማቸው "ስኳርዎ እንዲወርድ ከፈለጉ በየቀኑ ይራመዱ" ሲላቸው፣ አንድ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው እየጎተተ ጎልፍ ሜዳ ወሰዳቸው። እነሆ፣ ጎልፍ ተጫዋች አጎት አለኝ።

በዚህ ዓምድ ስለ ፍሪጅ፣ ስለ ፍራሽ፣ ስለ ልጆች ጫማ ስናወራ ቆይተናል። የዛሬው ዕቃ ለየት ይላል። ጎልፍ የዲፕሎማትና የባለሀብት ጨዋታ ነው ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣ?" ብሎ የሚደውልበት ወር ነውና፣ ከእናንተ መካከል የአንዱ አባት ወይም ባል ስም አጠገብ "ድራይቨር" የሚል ቃል መጻፉ አይቀርም።

እኔ ጋ የተደወለው በኅዳር ነበር። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለገና ልትመጣ ነው። "ለአባዬ ድራይቨር ልገዛለት አስቤያለሁ፤ ከሁሉ ጥሩውን። የትኛው ነው?" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሹፌር ልትቀጥርላቸው መስሎኝ ነበር። ድራይቨር ማለት ለካ አንድ ጎልፍ ተጫዋች በቦርሳው ሊይዝ ከሚፈቀዱለት 14 ዱላዎች ረጅሙ፣ ጭንቅላቱም ትልቁ ነው። ኳሷ መሬት ላይ በተተከለች ትንሽ እንጨት ላይ ተቀምጣ፣ የእያንዳንዱ ረጅም ጉድጓድ የመጀመሪያ ምት በእሱ ይመታል። ሁሉም ሰው ቆሞ የሚያይህም ያን ጊዜ ነው።

የእኔን አጎት ያስቸገራቸውም ይኸው መታየት ነበር። ባልደረባቸው ጥሩ ተጫዋች ናቸውና ያረጀ ድራይቨራቸውን በውሰት ሰጧቸው። ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ዘንጉ እንደ ብረት የማይታጠፍ። አጎቴ አንዱን ምት እንደ ጥይት ይልኩትና የሚቀጥሉት አራቱ ወደ ቀኝ እየታጠፉ ዛፍ ውስጥ ይገባሉ። ኳስ የሚፈልጉት ልጆች ገና ሲቆሙ ወደ ዛፎቹ መሄድ ጀመሩ። አጎቴ ይህን አይተዋል። ላስታ ላይ ዱላ ይዘው ያልታፈሩ ሰው፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ አዲስ አበባ ላይ ማፈር አልፈለጉም፤ አንድ ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ፣ በሌላው እንግዳ አለብኝ እያሉ ቀሩ። እግር ጉዞውም አብሮ ቀረ። ስኳራቸውም ተመልሶ ወጣ። ልጃቸው ይህን አታውቅም፤ እንድነግራትም አልፈቀዱም።

ስለዚህ "ከሁሉ ጥሩውን" ስትለኝ ደነገጥሁ። ጥሩ ተጫዋች ጥሩ ያለው ዱላ ነውና ሰውየውን ከሜዳ ያስወጣው።

እዚህ ላይ ወደ ላስታ ልመልሳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና ላሊበላ በሄድንበት ጊዜ አጎቴ ይምርሐነ ክርስቶስን ካላየህ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፣ በመኪና ኮረኮንቹን ካለፋችሁ በኋላ በጽድ ደን ውስጥ በእግር የሚወጣ ዳገት አለ። ከዚያ ሰፊ ዋሻ ይከፈትና በውስጡ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ታያላችሁ። እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ በአክሱም ዘመን አሠራር የታነጸ ነው። ያሠራው በስሙ የሚጠራው የዛጉዌ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ ነው። ካህናቱ ከወለሉ ሥር ውኃ እንዳለ፣ እንጨትና አፈር ተነጥፎበት እንደተሠራ ይናገራሉ።

ስንወርድ መስኩ ላይ ልጆች ገና ይጫወቱ ነበር። አጎቴ ጫማቸውን እንኳ ሳያራግፉ ገብተው የአንዱን ልጅ ዱላ ተቀበሉና ይመረምሩት ጀመር። "ይህን ማን መረጠልህ?" አሉት። ዱላው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ የተቆለመመ፣ ሲወዛወዝ ፉጨት የሚያሰማ ነው። ልጁ እየተኩራራ "ራሴ" አላቸው። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ "አየህ፣ ይህ ዱላ ሩሯን ካገኛት ማዶ ያሻግራታል። ችግሩ አያገኛትም። እኛ ልጆች ሳለን ሰፋ ያለ ቆልማማ ያለውን፣ ከጫፉ ከበድ የሚለውን ወይራ ነበር የምንፈልገው። በጫፉም ብታገኛት፣ በአንገቱም ብታገኛት ትሄዳለች። ዱላ ስትመርጥ ደህና የመታህበትን ቀን አታስብ፣ የሳትክበትን አስብ" አሉኝ። (ወይራውን ከየትም ፈልጉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ግን ቅርንጫፍ አይቆረጥም፤ ይህንንም አስጠንቅቀውኛል።)

ይህን የተናገሩት ሰው ራሳቸው ጎልፍ ሜዳ ላይ ያንኑ የሚያፏጭ ዱላ ይዘው መቆማቸው ነው የሚገርመው። የተዋሰ ሰው አይመርጥምና አልፈርድባቸውም።

ጎልፍ ተጫዋቾች የአጎቴን ሰፊ ቆልማማ "ይቅር ባይ" ይሉታል። ስሙ የስብከት ይመስላል እንጂ ነገሩ የክብደት ጉዳይ ነው። ኳሷን በድራይቨሩ ፊት መሐል ሳይሆን በጠርዝ በኩል ስትመቷት፣ የዱላው ጭንቅላት በእጃችሁ ላይ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ ኃይል ይባክናል፣ ኳሷም ትስታለች። እንዳይጠመዘዝ ምን ይደረግ? አንድ ጀሪካን ውኃ ደረቱ ላይ አቅፎ የቆመን ሰው ትከሻውን ብትገፉት በቀላሉ ይዞራል። ያንኑ ውኃ ለሁለት ከፍሎ በረጅም እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ የተሸከመውን ግን ብትገፉትም እምብዛም አይዞርላችሁም። ክብደቱ ከመሐል ርቆ ወደ ዳር ሄዷል። ይቅር ባይ ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ ክብደቱ ወደ ኋላና ወደ ዳር ተገፍቷል።

ሐሳቡን በጎልፍ ዱላ ላይ ያስፋፋው ካርስተን ሶልሃይም የተባለ፣ ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የጀነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ኳስ ወደ ጉድጓድ የምታስገባዋ አጭሯ ዱላ አልታዘዝ ብትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ክብደቷን ወደ ሁለቱ ጫፎች የከፈለ ዱላ ሠራ። ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ነው ለኩባንያው "ፒንግ" የሚል ስም ያወጣለት። ድራይቨሮች ያኔ ገና ከእንጨት ነበር የሚሠሩት። ካላዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን መድፍ ስም "ቢግ በርታ" ብሎ ያወጣው የብረት ድራይቨር በጊዜው እንደ ትልቅ ተቆጥሮ ነበር፤ መጠኑ 190 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ 460 ነው፤ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት አብዛኛው ድራይቨርም እዚያው ጣሪያ ላይ ደርሷል። አጎቴ የተዋሱት ከዚህ በብዙ ያንስ ነበር።

አንድ ማስታወቂያ እንዳያታልላችሁ። ከ2024 ወዲህ "10ኬ" የሚል ቁጥር የተለጠፈባቸው ድራይቨሮች አሉ። ጭንቅላቱ ላለመጠምዘዝ ያለውን እምቢታ የሚለካ ቁጥር ነው። ሕጉ ወደ ጎን ለሚሆነው መጠምዘዝ የፈቀደው ጣሪያ ግን 5,900 ነው። ታዲያ አሥር ሺሁ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ወደ ጎን የሚሆነውና ወደ ላይ ወደ ታች የሚሆነው ተደምረው ነው። ውሸት የለበትም፤ ግን ያለፈው ዓመት ሞዴል ግማሽ ብቻ ይቅር ባይ ነበር ማለት አይደለም።

ወደ አጎቴ እንመለስ። ልጃቸው ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ሰውየው የት የት እንደሚስቱ ማወቅ ነበረብኝ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ለነጭ ሰሌዳ የሚሆን ማርከር ገዝታችሁ የኳሷን ጀርባ ትቀቡታላችሁ፣ ስትመታ ድራይቨሩ ፊት ላይ ነጥብ ትተዋለች፣ ኋላ በጨርቅ ይጠረጋል። "ጋሼ፣ አሥር ኳስ ብቻ" ብዬ ለምኜ፣ ሰው በሌለበት ማለዳ ወሰድኋቸው። ሦስቱ መሐል አረፉ። አምስቱ ወደ ዘንጉ በኩል ተጠግተው፣ ሁለቱ ከላይኛው ጠርዝ። ወደ ዘንጉ ተጠግታ የተመታች ኳስ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ወደ ቀኝ የመሽከርከር ጠባይ አላት፤ ትልቅ ጭንቅላት የሚያግዘው እንዲህ ያለውን ስሕተት ነው። አሥር ምት መትታችሁ ነጥቦቹ ሁሉ መሐል ላይ ከተከማቹ ግን ይቅር ባይ ፍለጋ አትድከሙ፤ ችግራችሁ ሌላ ነው።

አጎቴም ሌላው ነበረባቸው። መሐል ካረፉት ሦስቱ ሁለቱ ያለ ምንም ጠማማነት ተመትተው ሳለ ወደ ቀኝ ሄዱ። ይህ የሚሆነው ዱላው ኳሷን ሲያገኝ ፊቱ ወደ ቀኝ ተከፍቶ ከቆየ ነው። ለዚህ ትልቅነት አይረዳም። ብዙ ሻጭ ይህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሸጥላችኋል፤ ለዩት። ለተከፈተ ፊት ሦስት እርዳታ አለ። አንደኛው ክብደቱ ወደ ዘንጉ በኩል የተሳበ፣ ፊቱ ቶሎ እንዲዘጋ የሚያግዝ ድራይቨር ነው፤ ፒንግ "ኤስኤፍቲ"፣ ካላዌይ "ማክስ ዲ" እያሉ ይጽፉበታል። ሁለተኛው የፊቱን ወደ ኋላ መጋደል፣ እነሱ "ሎፍት" የሚሉትን፣ ከፍ ማድረግ ነው። ዘጠኝ ዲግሪ በያዘ ሰው ላይ ወደ ጎን የምትታጠፍ ኳስ፣ አሥራ ሁለት ዲግሪ በያዘ ሰው ላይ የምትታጠፈው ያነሰ ነው። ሦስተኛው አሠልጣኝ ነው፤ አጎቴ "በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቆጣኛል" ብለው እንቢ ስላሉ እሱን አለፍነው።

አሁን ከውጭ የተጻፈ ምክር ውስጥ የማታገኙት ነገር ልንገራችሁ። የልጅቷ ሱቅ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ አባትሽ ስንት ይመታሉ? አጎቴ በኩራት "ሁለት መቶ ሜትር" አሉ። ደህና ሲመቱ እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ነገር ግን የተመታችው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስትወጡ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ኳሷን የሚይዛት ስለሚቀንስ ርቃ ትሄዳለች። አንድ አሥረኛ ገደማ ቀንሱለትና ባሕር ዳርቻ ላይ የሚመቱትን ታገኛላችሁ። ሳትቀንሱ ብትነግሩት፣ ባለሱቁ ከሠንጠረዡ ላይ "ጠንካራ ሰው ናቸው" ብሎ "ስቲፍ" የሚባለውን ግትር ዘንግ ይሰጣችኋል፤ የውሰቱ ዱላም እንደዚያው ነበር። ቀስ ብሎ ለሚወዛወዝ ሰው ግትር ዘንግ ብዙ ጊዜ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ወደ ቀኝ ይልካታል። ለአጎቴ "ሬጉላር" ወይም ከዚያም የለሰለሰው "ሲኒየር" ነው የሚሆነው።

የሳሳው አየር ሌላም ጠባይ አለው። ኳስ አየር ላይ የምትንሳፈፈው ወደ ኋላ እየተሽከረከረች አየሩን ስለምትደገፍ ነው፤ እኛ ጋ የምትደገፈው አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ "ሽክርክሪት ቀናሽ" ተብሎ ፍሎሪዳ ላይ የሚሞገሰው ድራይቨር አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ በቀስተኛ ሰው እጅ፣ ኳሷን ቶሎ ይጥላታል። ደጋ ላይ የምትጫወቱ ሎፍቱን ከፍ አድርጉ። ጥሩው ነገር ደግሞ፣ ያው ስስ አየር ኳሷ ወደ ጎን የምትታጠፈውንም ይቀንስላችኋል። አጎቴ ባሕር ዳርቻ ቢኖሩ ኖሮ ከዛፉም አልፈው ጎረቤት ግቢ ይገቡ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ስነግራቸው ግን ብዙም አልሳቁም።

ርዝመቱን አትርሱ። ውድድር ላይ ሕጉ እስከ 48 ኢንች ይፈቅዳል፤ ከ2022 ወዲህ አዘጋጆች ለባለሙያዎች 46 ላይ እንዲወስኑ ተፈቅዶላቸዋል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 45 ተኩል አካባቢ ነው። ረጅሙ ርቀት ይሰጣል ተብሎ ነው፤ ነገር ግን እጃችሁና ኳሷ በተራራቁ ቁጥር መሐሉን ማግኘት ይከብዳል። ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ አለ፤ መያዣው ላይ እጃችሁን ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች አውርዳችሁ ያንኑ አሥር ኳስ በማርከር ምቱ። የአጎቴ አምስቱ ነጥቦች ወደ መሐል ተሰበሰቡ። ልጅቷም ዘንጉን አንድ ኢንች አስቆርጣ እንድታመጣ ተስማማን።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ የዘንድሮ ሞዴል አሜሪካ ውስጥ ከ500 ዶላር በላይ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ያለፈበት፣ ሰው የተጠቀመበት፣ ግን በታወቀ ሻጭ የተፈተሸ ከዚያ በጣም በወረደ ዋጋ ይገኛል። ጭንቅላቱ 460 ከደረሰ ቆይቷል፤ ሕጉም አልተቀየረም። ለአጎቴ የተገዛውም እንዲህ ያለው ነው። ብራንዱን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ሎፍቱን ትታችሁ ስሙን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከማይታወቅ ሰው በርካሽ የሚገኝ "አዲስ" ግን ተጠንቀቁ፤ የጎልፍ ዱላ ሐሰተኛው ብዙ ነው። ያገለገለውን ስትገዙ ፊቱንና ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን አንገት በጣታችሁ ዳስሱ፤ ስንጥቅ ካለ ተዉት።

ለሚያመጣላችሁ ሰው ሁለት ነገር ንገሩ። ዱላው ከእጅ ሻንጣ ጋር አውሮፕላን ውስጥ አይገባምና በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ፤ ጭንቅላቱ የሚፈታ ከሆነ ተፈትቶ በልብስ ይጠቅለል፣ ዘንጉ ግን ተራ ሻንጣ ውስጥ ስለማይበቃ ጠንካራ ቱቦ ይፈልጋል። ሌላው፣ መፍቻዋን ትንሽ ቁልፍ አብራችሁ አምጡ በሉ። የእኛዋ ረስታት ልትመጣ ነበር። ቁልፏ የምታስፈልገው ለመግጠም ብቻ አይደለም፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ሎፍቱን በአንገቱ በኩል ከፍ ስታደርጉት ፊቱም አብሮ ትንሽ ይዘጋል። ለአጎቴ አንድ ዲግሪ ጨመርንላቸው።

ገና ታኅሣሥ 29 ዋለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አጎቴ ዱላውን ከቱቦው አውጥተው ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። "ይህ ምንድን ነው፣ ድስት ነው እንዴ?" አሉ። ልጃቸው አዘነች። እኔ ያን የላስታውን ልጅ ዱላ አስታወስኋቸው። ዝም አሉና እንደገና ገልብጠው አዩት፤ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፤ ሳሎን ውስጥ አንዴ ሊያወዛውዙት ሲሉ ሚስታቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን ሄዱ። እኔ ሥራ ስለነበረብኝ ልጃቸው ናት አብራቸው የሄደችው። ረፋዱ ላይ ደወልሁ፤ አጎቴ ራሳቸው አነሡት፤ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ እየተራመዱ ነው።

"እንዴት ነው ጋሼ፣ ስንት ሄደች?"

"ርቀቱን ተወው" አሉኝ፤ "ያን ያህልም አልራቀች። ግን ልጆቹ ዛሬ ወደ ዛፍ አልሄዱም፤ ኳሷን ራሴ ነኝ ያገኘኋት።"